የነቁት ጠራጊዎች

አንድ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው ነበር፣ ልጆቼ። ስሙን ተዉት። ቀኑን ሙሉ የዱቄት ብናኝ ሲስብ ይውላል፤ ሞተሩ ሲቆም ደግሞ ደጅ ወጥቶ ሲጋራ ይለኩሳል። "የጉሮሮዬን አቧራ የሚጠርግልኝ እሱ ነው" ይል ነበር። ወፍጮ ቤት ያሉት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉት።

ሚስቱ አበዛሽ ብዙ ዓመት ልጅ አልያዘላትም። በኋላ ስትፀንስ ሰውየው ታቦቱ ፊት ቆሞ ተሳለ። ሌላው ጃንጥላ ይሳላል፣ ሌላው ሻማ ይሳላል። እሱ ግን፣ "በሰላም ከተገላገለችልኝ ሁለተኛ ሲጋራ አፌ አይገባም" አለ።

በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። እሱም ቃሉን ጠበቀ።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሳል ያዘው። ቀድሞ ጠዋት ጠዋት ትንሽ አስሎ የሚተወው ሰው፣ አሁን ደረቱን ይዞ ያስላል፤ ጥቁር ነገር ያለበት አክታ ይተፋል። ስለቱን በከፈለ ባሰበት። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

እሱ፣ "የሳምባ ነቀርሳ ነው" አለ። ያለው ግን በሆዱ ነው። ኩባያውን ለየ። መኝታውን ጓዳ አደረገ። ያን ያህል ዓመት የለመናትን ልጅ መታቀፍ ተወ።

"እስቲ ያዝልኝ፣ ወጡን ላማስል" ትለዋለች አበዛሽ።

"እጄ ዱቄት ነው።"

"ታጠባ!"

"ቆይ፣ በኋላ።"

አበዛሽ ደግሞ ልጅቱ ሴት በመሆኗ ቅር ያለው መሰላት። ታያላችሁ? እሱ ለልጅቱ ይሰጋል፤ እሷ ልጅቱን የጠላት ይመስላታል። በአንድ ቤት ውስጥ።

ወፍጮ ቤት አብሮት የሚሠራ ማንደፍሮ የሚባል ባልንጀራ ነበረው። "አንተ ሰውዬ፣ ደረትህን ይዞልህ የኖረው እኮ ሲጋራው ነው" አለው።

"ስለት ነው ብዬሃለሁ።"

"ስለቱ እንዳልሰመረ ሳልህ እየነገረህ አይደል? ይልቅ አንድ ሳብና ልጅህን አሳድግ።" አንዲት ሲጋራ ኪሱ ውስጥ ከተተለት።

ሰውየው አልለኮሳትም። አልጣላትም። "ስለቴን አልተቀበለኝም ማለት ነው" የምትለው ሐሳብ ግን ከሲጋራዋ ጋር አብራው ዋለች።

የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን አይደል? ያ ቀን ሲቃረብ አበዛሽ ፊቱ ቆመች። "ለክርስትናዋ እንኳ የማትታቀፋት ከሆነ፣ ምን እንዳስቀየምንህ ንገረኝ" አለችው። ያኔ አልቻለም፤ ሁሉንም ነገራት።

"ይሄን ነው በሆድህ ይዘህ የከረምከው? ተነስ" አለችና በአንድ እጇ ልጅቱን ታቅፋ፣ በሌላው እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

እዚያ ሲስተር የሺመቤት የምትባል ነርስ አገኙ። ደረቱን አዳመጠች፣ አክታውን ለምርመራ ላከች። ውጤቱ እስኪመጣ ያቺን ሲጋራ በኪሱ ውስጥ ሲያሻት ቆየ።

"ነቀርሳ የለብህም" አለችው ስትመለስ። "ሲጋራ ታጤሳለህ?"

"ልጅቱ ስትወለድ ተውኩ።"

"ሳሉስ መቼ ባሰብህ?"

"ከዚያ ወዲህ ነው።"

ሲስተር ሳቅ አለች። "እሰይ፤ ጠራጊዎችህ ነቅተዋላ።"

የነገረችውን እንደገባኝ ላካፍላችሁ። አየር ስንስብ አፍንጫ ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል፤ ትልልቁን ቆሻሻ ያስቀራል። ከዚያ በአየር ቧንቧው ይወርዳል። ቧንቧው ለሁለት ይከፈላል፣ እንደገና ይከፈላል፤ ተገልብጦ የተተከለ ዛፍ ነው የሚመስለው። ጫፉ ላይ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዙ ትንንሽ ከረጢቶች አሉ። ግድግዳቸው በጣም ስስ ነው፤ በዚያ አልፎ ደማችን ንጹሑን አየር ይቀበላል፣ የማይፈልገውን ያስወጣል።

ቆሻሻ እዚያ እንዳይደርስ በመንገዱ ሁሉ ሠራተኞች ቆመዋል። ዋንጫ የሚመስሉ ሕዋሳት የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያፈልቃሉ፤ አቧራው እዚያ ላይ ይለጠፋል። ጎረቤቶቻቸው በዓይን የማይታይ ፀጉር ያላቸው ሕዋሳት ናቸው። ፀጉራቸውን ነፋስ እንደመታው የጤፍ ማሳ ባንድ ላይ እያወዛወዙ ያንን ቆሻሻ ወደ ላይ፣ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። እኛ ተኝተን እነሱ ይጠርጋሉ። አምልጦ ከረጢቶቹ የደረሰውን ደግሞ፣ እዚያ የሚዞሩ ሌሎች ሕዋሳት ውጠው ያስቀሩታል።

"ጭሱ እነዚያን ፀጉሮች አደንዝዟቸው ነበር" አለችው ሲስተር። "ዱቄቱም ጥላሸቱም ታች ተከማቸ። ጭሱን ስትተው ነቁ። አሁን የከረመውን እያወጡልህ ነው፤ ታገስ፣ እየቀነሰ ይሄዳል። ስትሠራ ደግሞ አፍና አፍንጫህን ሸፍን።"

"ታዲያ ልጄን ልታቀፋት?"

"ከእናቷ ተቀበላ፤ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?"

ሲጋራዋን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ "ይሄን ጣይልኝ" አላት። ከዚያ እጁን ዘረጋ። አበዛሽ ግን ወዲያው አልሰጠችውም። "እጅህ ዱቄት የለውም?" አለችው። ሳቀ፤ ሲስቅ አሳለው፤ እያሳለ ፊቱን ዞር አደረገና ልጁን ተቀበለ።

አሁን ልጠይቃችሁ፣ ልጆቼ። ያ ሰው የታመመው መቼ ነበር? ዝም ብሎ ሲያጤስ ነው ወይስ ሲያስል?

እናንተስ? ንስሐ ትገቡና፣ "አባ፣ እንዲያውም ሰላም ራቀኝ፤ የረሳሁት ኃጢአት ሁሉ ይታወሰኛል" ትሉኛላችሁ። መጠጥ ትተዋላችሁ፤ በመጠጥ የሸፈናችሁት ኀዘን ብቅ ይላል። ከወንድማችሁ ትታረቃላችሁ፤ የቆየው ቅሬታ ሁሉ ይወጣል። "ባልነካካው ይሻለኝ ነበር" ትላላችሁ። አይደለም። ቀድሞም ነበረ እኮ። ያን ጊዜ ታች ተከማችቶ ነበር፤ አሁን እየወጣ ነው። መውጣቱን እንደ ቁጣ አትቁጠሩት። እስትንፋስ የሰጠን አምላክ፣ ለእስትንፋሳችን መንገድ ጠራጊ ያቆመ አምላክ፣ ለነፍሳችሁ ጠራጊ አያቆምም?

ማንደፍሮ ለሁላችንም አለን። ያኖረላችሁን ነገር ዛሬ ከኪሳችሁ አውጡት። ብቻችሁን ጓዳ አትግቡ፤ ለአንድ ሰው ንገሩ። ሳል ሁሉ ደግ ነው ማለቴም አይደለም፤ የሚያስለው ሰው ሄዶ ይመርመር።

አሁን ሁላችሁም ቀስ ብላችሁ አንድ ትንፋሽ ሳቡ። ገባ? ተመስገን በሉ።

ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሲያስል ብትሰሙም ዞራችሁ አትዩት። ልጁን ታቅፏል፤ ተኝታበታለች።