አያ ጅቦና የማይሳሳተው የመድኃኒት ማሽን

አንድ ጊዜ ጉንፋን ገብቶ ጫካው በሳል ሲናጥ፣ ንጉሥ አንበሳ ለመድኃኒት ቤቱ ማሽን አስመጣ። ማሽኑ ቁም ሣጥን ያህላል። የበሽታው ስም የተጻፈበትን ቁልፍ ሲጫኑ፣ ከመሳቢያዎቹ ከአንዱ ክኒን ያወርዳል። የሚያወርደው ግን የሞሉለትን ነው። ይህን ልብ ያለችው የመድኃኒት ቤቱ ነባር ባለሙያ እመት አህያ ብቻ ነበረች።

«መሳቢያ በተሞላ ቁጥር አንዱ ይሙላ፣ ሌላው ያረጋግጥ» አለች። «ጊዜው ያለፈበት እንዳይኖርም ቀኑ ይታይ።»

የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ አያ ጅቦ ነበር። ለሹመቱ ያበቃው ልምዱ ነው፤ በጫካው እንደ እርሱ ብዙ የዋጠ የለምና። ጅብ አለቃ የሆነባት አህያ ስለ ደኅንነት አብዝታ ብትጨነቅ አይፈረድባትም።

«ማሽን ይሳሳታል ልትይ ነው?» አለ አያ ጅቦ።

«ማሽኑስ አይሳሳትም። የምንሞላው ግን እኛ ነን።»

«እኔ ደግሞ ከማሽኑ እበልጣለሁ! አንቺ ካርቶን ተሸከሚ።»

የጥራት ተቆጣጣሪው አቶ ቀበሮ መጣና ማሽኑን ሁለት ጊዜ ዞረው። ከዚያም «ደረጃውን የጠበቀ» የሚል ባለማኅተም የምስክር ወረቀት ለጠፈበት።

«ውስጡን አላዩትም እኮ» አለችው አህያ።

«ወረቀቱ የሚለጠፈው በውጭ ነው፤ ውስጡ ምን ያደርግልኛል?» አላት።

አያ ጅቦ የሳሉ ክኒን ማር እንዳለበት ያወቀው በሦስተኛው ቀን ነው። ለጥራት ቁጥጥር ሲል አንድ ቀመሰ። ጥራቱ ስላላጠገበው መሳቢያውን ሙሉ ተቆጣጠረው። ባዶ መሳቢያ ደግሞ ለኃላፊ ነውር ነው። ስለዚህ ከመጋዘን ሌላ ነጭ ክኒን አምጥቶ ሞላበት። የሆድ ድርቀት መድኃኒት ነበር። «ነጭ ያው ነጭ ነው» አለ፤ ማንበብ እንደማይችል ለማንም አልነገረም።

በማግስቱ እመት ሚዳቋ በሳል የደከመች ግልገሏን ይዛ መጣች። ቁልፉን ተጫነች፤ ክኒኑ ወረደ። ግልገሏ አፏን ስትከፍት አህያ ካርቶኗን ጥላ ሮጠች።

«እህቴ፣ አትስጫት! የሳሉ ክኒን ማር ማር ይሸታል። ይሄኛው የሆድ ድርቀት ነው። አሁን በደከመ አቅሟ ካስቀመጣት ትሞትብሻለች።»

ሚዳቋ ክኒኑን ለአህያ ሰጠቻት። አህያ ክኒኑን ይዛ ወደ ቀበሮ ገሰገሰች።

«ቅሬታ በቅጽ ነው የሚቀርበው» አላት።

«ቅጹ የታለ?»

«አልታተመም። ቅሬታ ቀርቦ ስለማያውቅ አላስፈለገም።»

በዚያው ቀን አንበሳ ስለ ማሽኑ ንግግር ሊያደርግ አራዊቱን በማሽኑ ፊት ሰብስቦ ነበር። ጉሮሮውን ሳል ያዘውና ቁልፉን ተጫነ።

«ንጉሥ ሆይ፣ አይዋጡት!» ብላ አህያ ፊቱ ወደቀች። «መሳቢያው የተሞላው በሌላ መድኃኒት ነው።»

አንበሳ ወደ ጅቦ ዞረ። ጅቦ ወደ ቀበሮ ዞረ። ቀበሮ ማኅተሙን በጣቱ አሳየ። አንበሳም ክኒኑን ዋጠና ንግግሩን ጀመረ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ፣ «ይህ ማሽናችን አንድም ቀን ተሳስቶ...» ሲል ሆዱ አጉረመረመ። አራዊቱ አጨበጨቡ። አንበሳ ግን ጭብጨባውን አልጠበቀም፤ ወደ ቁጥቋጦው ሮጠ። ተመለሰ፣ ደግሞ ሮጠ። በሰባተኛው ጎፈሩ ረግቦ፣ እግሩ እየተብረከረከ መጣ።

«ይህን ያደረገ ማነው?»

«ማሽኑ ነው!» አለ አያ ጅቦ።

«እኔ ያረጋገጥኩት የውጭውን ቀለም ነው» አለ ቀበሮ።

«መልካም። እንግዲያው ከዚሁ መሳቢያ አንዳንድ ዋጡልኝ።»

ያገኘውን ሁሉ ሲውጥ የኖረው አያ ጅቦ አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ። ቀበሮም «ዛሬ... ጾም ላይ ነኝ» አለ። ቀበሮ ሲጾም ያየ አልነበረምና ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ።

አንበሳ አልሳቀም። «እናንተ የማትውጡትን ነው ለግልገል የምታድሉት?» ብሎ ሁለቱንም ሻራቸው። ከዚያ ወደ አህያ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነግረሽኝ ነበር፤ አልሰማሁሽም። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

አህያ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ አስወጥታ ባዶ አደረገቻቸው። እርሷ ስትሞላ እመት ሚዳቋ ታረጋግጥ ጀመር፤ ልጇ ልትሞትባት የነበረች እናት ደግሞ እያዛጋች አታረጋግጥም። ግልገሏም ትክክለኛውን መድኃኒት ወስዳ በአምስተኛው ቀን ሳሏ ለቀቃትና ትቦርቅ ጀመር።

ከዚህ የምንማረው፣ ማሽን የሚሰጠው የሞሉለትን እንጂ የሚያሽረውን መርጦ ስላልሆነ፣ ሕይወት የሚታመንበት ሥራ ከሚያምር ማኅተም ይልቅ ደጋግሞ የሚመረምር ዓይን እንደሚያስፈልገው ነው።