ለአባታቸው የከሱ ልጆች

በአንድ ወቅት፣ ወሎ ውስጥ፣ ልጅ ሳይጠግብ ከማዕድ ሲነሳ ማየት የማይችል መኩሪያ የሚባል አናጢ ነበር። በልጅነቱ፣ በዚያ በድርቁ ዘመን፣ በረሃብ የሞቱ እህቶቹን ቀብሯል። በተራው ሲወልድ ከራሱ አፍ እየነጠለ ልጆቹን አጎረሰ። «ጨምሩ፣ ገና ናችሁ» ይላቸው ነበር። ልጆቹም ወደ እናታቸው ወጥተው ወፈሩ። ሰው «የመኩሪያ ልጆች ደልቷቸዋል» ሲል ከማንኛውም ምስጋና በላይ ደስ ይለዋል።

ልጆቹ ከጎለመሱ በኋላ የመኩሪያ ኩላሊቶች ሥራ አቆሙ። በኩላሊት እጥበት ቢቆይም ሰውነቱ እያለቀ ሄደ። ሐኪሙ ሦስቱንም ልጆች መርምሮ «የሁላችሁም ኩላሊት ለእሱ ይሆናል፤ በዚህ ክብደት ግን አንዳችሁንም ቀዶ ሕክምና ክፍል አላስገባም» አላቸው። ምግብ ቀነሱ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ሦስቱም ክብደት ለመቀነስ ሆዳቸውን ለሐኪም ሰጡ። የመረጡት መንገድ ግን ለየቅል ነበር።

በኩሩ አስናቀ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እሱ ፈጣኑን መረጠ። ከጨጓራው እንቁላል የምታህል ብቻ ተከፍላ፣ አንጀቱ ተቆርጦ ከእርሷ ጋር ተቀጠለ፤ ምግቡ የአንጀቱን ከፊል ዘልሎ እንዲያልፍ።

«ቶሎ ትቀንሳለህ» አለው ሐኪሙ። «ግን አንዳንዱን ሰው ኩላሊቱ ላይ ጠጠር ያስይዘዋል። ያ ከመጣ መስጠት አትችልም።»

«አባቴ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።»

እንደተባለውም ክብደቱ ረገፈ፤ ልብሱ ከላዩ ሊወድቅ ደረሰ። መኩሪያ የልጁ ጉንጭ ጎድጉዶ ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያ ፊት በልጅነቱ የሚያውቀው ፊት ነበር። ከዚያ ጠጠሩ መጣ። አስናቀ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ሁለተኛዋ የሺመቤት የጨጓራዋን አብዛኛውን ክፍል አስቆርጣ አስወጣች። የቀረላት እንደ ሙዝ የቀጠነ ነው። አንጀቷ አልተነካም፤ የወጣው ግን ተመልሶ አይበቅልም። የተሰፋው ቦታ አፈሰሰና መርዙ በሆዷ ተሰራጭቶ ከሞት አፋፍ ተመለሰች። መኩሪያ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ «በቃሽ ልጄ» አላት።

«ጀምሬዋለሁ አባባ» አለችው።

በእግሯ ቆማ ክብደቷ እንደወረደ ኩላሊቷን ሰጠች። ያ ኩላሊት መኩሪያን ከክረምት እስከ ፋሲካ አኖረው። መጋዝ አነሳ፣ ለጎረቤት በር ሠራ፣ በራሱ እግር ሄዶ ቤተ ክርስቲያን ሳመ። ከዚያ ሰውነቱ የልጁን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ገፋው። መኩሪያ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ነገራት። የሺመቤት ጎኗን በእጇ ያዘች።

የመጨረሻው ልጅ ምንተስኖት ምንም አላስቆረጠም። ጨጓራው አናት ላይ ቀለበት አስጠለቀ፤ ቀለበቱ ጨጓራውን ስለሚያጠበው በጥቂት ጉርሻ ይሞላል፣ ካልተስማማም ይወጣል። አሁን አሁን ብዙ ሐኪም አይመርጠውም፤ ክብደቱም የሚወርደው በዝግታ ነው።

«ለራስህ ሳሳህ» አለው አስናቀ።

«ሦስታችንም ከወደቅን እሱን ማን ያነሳዋል?»

እውነትም ወንድምና እህቱ ተኝተው ሲያቃስቱ አባቱን ደግፎ ለእጥበት የሚወስደው፣ ገላውን የሚያጥበው፣ ሌሊት የሚያገላብጠው እሱ ነበር። የበላው እየተመለሰበት፣ ማለዳ ማለዳ ዳገት እየወጣ፣ ቀስ በቀስ ከሳ። ሐኪሙ «አሁን መስጠት ትችላለህ» ያለው ግን የእህቱ ኩላሊት ከከሸፈ በኋላ ነው።

«ሁለተኛው ሊይዝም ላይይዝም ይችላል» አላቸው ሐኪሙ።

መኩሪያ ቀና ብሎ ልጁን አየው። «ያንተን አልወስድም። ከእንግዲህ በእኔ ምክንያት ማንም ልጄ አይቀደድም።»

ምንተስኖት እግሩ ላይ ወድቆ ለመነው። አባትየው እምቢ እንዳለ ቀረ።

በእነ መኩሪያ ቤት ወግ የአባት የመጨረሻ ምርቃት ለሁለት አይከፈልም። ቀኝ እጁ ራሱ ላይ ያረፈለት ልጅ የአባቱን ቦታ ይይዛል፤ ታላቅም ሆነ ታናሽ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ሌሎቹ ያከብሩታል። የመኩሪያ ልብ እየደከመ ሲሄድ ሦስቱ አልጋው ሥር ተንበረከኩ። ሦስት የሰለሉ አንገቶች አየ። ማንን እንደሚያስቀድም በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ ቆየ፤ አንዱን ባነሳ ሌላው ይወድቅበታል። በመጨረሻ ቀኝ እጁን አነሳ። እጁ ግን በማንም ራስ ላይ ሳያርፍ ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ።

ሦስቱ ልጆች አባታቸውን አብረው ቀበሩ፤ ስለዚያች እጅ ግን እስከ ዛሬ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። እነሱ ዝም ካሉ እናንተ ተነጋገሩበት። ለአባቱ ሲቸኩል የመስጠት ዕድሉን ያጣው አስናቀ ነው? ሰጥታ ስጦታዋ ያልጸናላት የሺመቤት ናት? ወይስ አባቱን ሲያስታምም ቆይቶ፣ ሲደርስ እምቢ የተባለው ምንተስኖት? የመኩሪያ ቀኝ እጅ ለማን ይገባ ነበር?