በዘይት ቆርቆሮ ያደገችው ሎሚ

ማንደፍሮ ወንድሜ፣ እንዳንተው የፈራ አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነበር። እርሻው ላይ መንገድ ሲያልፍበት ወደ ከተማ ገባ። ሟች ሚስቱ ከተከለችው ሎሚ ሥር አንዲት ችግኝ ነቅሎ፣ በዘይት ቆርቆሮ ተክሎ ይዟት መጣ። ዛፉ ተቆርጧል፤ ከሚስቱ እጅ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

ጠዋት ጠዋት ገና ሳያማትብ ያያታል። አንድ ቀን አንዲት ቅጠል ቢጫ ሆና አገኛት። ልቡ ደነገጠ። «ርቧት ነው» አለ። ገበሬ አይደል? የደከመ መሬት ፍግ እንደሚሻ ያውቃል። ከጎረቤቱ ትኩስ የዶሮ ኩስ ለምኖ ቆርቆሮውን እስካፉ ሞላው። በሳምንቱ ሦስት ቅጠል ረገፈ። «አልበቃትም» ብሎ ደገመ፤ ውሃም አበዛ። የቅጠሎቹ ጫፍ እሳት እንደነካው አረረ። እህል እየበላ ተነስቶ ያያታል፤ ተመልሶ ይቀመጥና ደግሞ ይነሳል።

ባለዶሮዋ ጎረቤቱ አየችውና «አንተ ሰውዬ፣ ልታሳድጋት ነው ልትቀብራት?» አለችው።

«እትዬ፣ ምን ልጨምርላት?»

«ኧረ በቃህ! ሽታው እኛን ከቤት አስወጣን። እሷ በየት በኩል ትውጣ?»

ይሄ ቃል ወጋው። ቆርቆሮውን አቀፈና ገለበጠው። ሥሯ ጠቁሯል። የቆርቆሮው ግርጌ ድፍን ነበር፤ ውሃው መውጫ አጥቶ አቁሯል። ያኔ ገባው። እርሻ ላይ የበዛውን ፍግ ምድር ታበርደዋለች፣ ዝናብ ያጥበዋል። ቆርቆሮ ግን የሰጡትን ሁሉ ይዞ ይቀራል።

ግርጌውን በሚስማር በሳው። የበሰበሰውን ሥር ቆረጠ። አፈር፣ አሸዋና ዓመት የከረመ ፍግ አንድ እፍኝ ደባልቆ መልሶ ተከላት። ከዚያ ወዲህ የከበደው አለመጨመር ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እጁን እየሰበሰበ «ጌታዬ፣ አንተ ያዛት» አለ። በሦስተኛው ወር ከግንዷ ላይ ምስር የምታክል አረንጓዴ ነገር ብቅ አለች። ከዚያ በኋላ ፍግ የተዘፈዘፈበት ውሃ አቅጥኖ በየአሥራ አምስት ቀኑ ያጠጣት ጀመር። ከዚያ አላለፈም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። «እናቷ ከሞተች ወዲህ ልጄ እህል አልቀምስ አለች፤ ምን ልጨምርላት?» አልከኝ። ጎህ ሲቀድ ዳዊት ታስደግማታለህ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አስጠኚ ይጠብቃታል። እንባዋ ሲመጣ «ጠንከር በይ» ትላታለህ። ዳዊቱ መልካም ነው፤ እኔም ያለሱ አልውልም። ፍጉም እኮ መልካም ነበር። ግን ልጅህ እርሻ አይደለችም፤ በቆርቆሮ ያለች ችግኝ ናት፣ ግርጌዋም ድፍን ነው።

ዛሬ ምንም አትጨምርላት። አጠገቧ ተቀመጥና የእናቷን ስም ጥራ። ታልቅስ። አንተም አልቅስ። ፍርሃትህን ለእግዚአብሔር ስጠው እንጂ ለሷ አታብላት።