ሽንኩርቱ ያልጠጣው ውኃ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ችኩል ነበረ። ችኩል ስልሽ፣ አውቶቡስ አመለጠኝ ብሎ እንደሚሮጥ ሰው እንዳይመስልሽ። ይህ ሰው አስነጥሶ «ይማርህ» እስኪሉት የሚጠብቅበት ትዕግሥት ስላልነበረው፣ አስቀድሞ «ያኑራችሁ» ይልና ከዚያ ያስነጥስ ነበር። ለቅሶ ደርሶ፣ እርሙን አውጥቶ ሲመለስ ሟቹ ገና እየታመመ ነበር የሚሉም አሉ። እሱን እንኳ እኔም አላምንም። አገሩ ሁሉ አባ ጥድፊያ ይለዋል። የክርስትና ስሙን የሚያውቁት ቄሱ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ስሙን ጠርተው ሳይጨርሱ በአርባ ቀኑ ከመጠመቂያው ዘሎ ስለ ወጣባቸው እርግጠኛ አይደሉም።

ጥያቄዬን ዘነጋው እንዳትዪ፣ ውብዓለም ልጄ። መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት እጨርሳለሁ ብለሽ፣ የየቀኑን ድርሻ የሚያሳይ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ፣ ይኸው አርባ ቀን ወደ ኋላ ቀርተሻል። ለማካካስም የሦስት ቀኑን በአንድ ጠዋት እየጋለብሽበት ነው። ትናንት ምን አነበብሽ ብዬ ብጠይቅሽ ጣሪያ ጣሪያውን አየሽ። ከዚያ ደግሞ መልሰሽ፣ ስንት ምዕራፍ ባነብ ነው አነበበች የሚባለው አልሽኝ። መልሱ ከዚህ ሰውዬ የሽንኩርት ማሳ ውስጥ ነውና ታገሺኝ።

አባ ጥድፊያ ክፉ ሰው አልነበረም። እግዚአብሔርን ይፈራል፣ ጦም አይገድፍም፣ ዳዊትም ይደግማል። ሌላው ሰው ለሳምንቱ ቀናት አካፍሎ የሚደግመውን መዝሙረ ዳዊት እሱ በየማለዳው መቶ ሃምሳውንም ይወጣዋል። ሚስቱ ገብስ ልትቆላ እሳት ስታያይዝ ይጀምራል፤ ቆሎው ሳይደርስ ዳዊቱን ወደ ማኅደሩ ይመልሳል። የመጀመሪያው መዝሙር ላይ በውኃ ዳር የተተከለች፣ ቅጠሏ የማይረግፍ ዛፍ አለች አይደል? እሱ ባጠገቧ ሲያልፍ ከሚያስነሣው ነፋስ የተነሣ ለቅጠሏ የሚሰጉላት ሰዎች ነበሩ።

በዚያ ዓመት ሴት ልጁን ከፋሲካ በኋላ ሊድር ቀጠሮ ያዘ። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች በተቀመጡበትም ማንም ሳይጠይቀው ተነሥቶ ማለ። ለሠርጉ ወጥ ከገበያ የገባች አንዲት ራስ ሽንኩርት ብትገኝ፣ ከገዛ ዳሴ አስወጡኝ አለ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው፤ ግን መሐላው ቀድሟት ነበር።

በዚያ አገር የበጋ መስኖ በተራ ነው። ተራውን የሚደለድሉት ሽማግሌ የውኃ አባት ይባላሉ። ለአባ ጥድፊያ ማክሰኞ ከፀሐይ መውጫ እስከ ቀትር ደረሰው። ከቀትር እስከ ማታ ደግሞ ከማሳው ግርጌ ላሉት ባልቴት፣ ለእማማ ደብሪቱ። የእሳቸው ማሳ በሬ ቢተኛበት ጭራው ድንበር አልፎ የሚወድቅ ነው።

የአባ ጥድፊያ ማሳ ተዳፋት ነበር። እሱም ቦዮቹን ከላይ እስከ ታች እንደ ጦር ዘንግ ቀጥ አድርጎ ቀደዳቸው። ውኃውን ከላይ ይለቃል፣ ውኃው ይፈተለካል፣ እሱም አብሮት ይሮጥና ከታች ጫፍ ላይ ቆሞ «ደረሰ!» ይላል። አንዲት እንቁራሪት ከላይኛው ጫፍ ገብታ፣ ትንፋሿን ሳትመልስ በታችኛው ጫፍ ወጥታለች ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ያየ ሰው ግን አውቃለሁ። ጤዛው ሳይረግፍ አሥራ ሁለቱንም ቦይ አዳርሶ፣ የተረፈውን ተራውን ለባልቴቷ መርቆ ወደ ቤቱ ይገባል።

እማማ ደብሪቱ ግን ግማሽ ቀን ሙሉ በዚያች በቁራጭ መሬታቸው ላይ አጎንብሰው ይውላሉ። በየሦስት እርምጃው ጓል እየደፉ ውኃውን ያስቆማሉ፤ መሬቱ ሲጠግብ ጓሉን አንሥተው ወደሚቀጥለው ያሳልፉታል። ነገረ ሥራቸው ሁሉ እንዲህ ነው። ፊደል አልቆጠሩም። እሑድ ወንጌል ሲነበብ ከዚያ ሁሉ አንዲት ቃል ይዘው ቤታቸው ይገባሉ፣ እስከሚመጣው እሑድም እሷኑ ሲያመነዥኩ ይሰነብታሉ።

አባ ጥድፊያ በዚህ ይሥቅባቸው ነበር። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰው በተሰበሰበበት፣

«እማማ፣ በዚህ አካሄድዎ ማቴዎስን ሳይጨርሱ እኮ ምጽአት ይደርሳል» አላቸው።

«ይድረስ፤ የቀረውን ራሱ ይነግረኛል» አሉት።

ሰው ሣቀ፤ እሱም ሣቀ። ነገሩ የገባው ግን አይመስለኝም፤ ሣቁን ከሌሎቹ ቀድሞ ነበር የጨረሰው።

የካቲት ሲያልቅ የአባ ጥድፊያ ሽንኩርት ጫፉ ቢጫ ሆነ። መጋቢት ሲገባ አንገቱን ደፋ። አባ ጥድፊያ መሐላው ትዝ አለውና ደነገጠ። የደነገጠ ችኩል ምን ያደርጋል? ይባስ ይቸኩላል። ማሳውን በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ፣ ቀጥሎም ሦስት ጊዜ አጠጣው። ባጠጣው ቁጥር ሽንኩርቱ ይብሱን ሰለለ፤ መጨረሻ ላይ አንድ ዝንብ ቢያርፍበት ይቅርታ ጠይቆ የሚወድቅ ሆነ። ከድንበሩ በታች የእማማ ደብሪቱ ሽንኩርት ደግሞ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቆሟል። አባ ጥድፊያ ይህን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈጣሪው ጋር ሙግት ገጠመ። እኔ መቶ ሃምሳ መዝሙር በየማለዳው እያደረስኩልህ፣ በሳምንት አንዲት ቃል ለሚያላምጡት ባልቴት ታዳላለህ ወይ አለው። መልሱን ግን ቆሞ አልሰማም።

ወደ ውኃ አባት ሄዶ ተበደልኩ አለ፤ በተራዬ ሦስት ጊዜ አጠጥቼ ማሳዬ ደረቀ፣ ከላይ የሚሰርቀኝ አለ ብሎ ከሰሰ። ሽማግሌው አዳምጠውት፣

«አንተስ አጠጣህ፤ ሽንኩርቱ ጠጥቷል ወይ?» አሉት።

አባ ጥድፊያ «አጠጣህ» ያሉትን እንደ ሰማ ተነሥቶ ሄዷል። የቀረችው ግማሽ እዚያው ደጃፋቸው ላይ ቀረች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ውኃውን ለቆ እንደ ልማዱ ወደ ታች ሲሮጥ፣ ውኃው አብሮት አልደረሰም። ይህ ደርሶበት አያውቅም። ዞር ሲል እማማ ደብሪቱ ከሁለተኛው ቦይ ውስጥ ቆመው ጓል እየደፉ ነው። ደሙ ፈላ። የሠርጉ ዳስ፣ የአማቶቹ ፊት፣ መሐላው ሁሉ ባንድ ጊዜ መጡበት። ውኃዬን የሚሰርቀኝ ተገኘ አለና ጓሉን ሊያፈርስ ዶማውን አነሣ።

«ከማፍረስህ በፊት ልጄ፣ ወደ ቀኝህ ተመልከት» አሉት።

በቀኙ ያለው የድንበሩ ቦይ ነበር፤ አንደኛው። በዚያ ቦይ ዳርና ዳር ያለው ሽንኩርት አረንጓዴ ሆኖ ቀጥ ብሏል። የአባ ጥድፊያ ዶማ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። በዕድሜው የያዘውን ሥራ ሳይጨርስ የቆመባት የመጀመሪያዋ ደቂቃ ያች ናት ይባላል፤ ወፎቹ እንኳ ግራ ተጋብተው ዝም አሉ።

እማማ ደብሪቱ ነገሩን አስረዱት። ባለፈው ሳምንት እሑድ በወንጌል፣ ሰው እንዲያደርግላችሁ የምትወዱትን እናንተም ለሰው አድርጉ ሲባል ሰሙ። ያች ቃል ሰኞ አላስበላ አለቻቸው። የእሱ ውኃ በየሳምንቱ ፍጉንና ለም አፈሩን አጥቦ ወደ እሳቸው መሬት ያወርድላቸው ነበርና። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ እሱ እንደ ልማዱ ቀድሞ ቤቱ ሲገባ፣ እሳቸው የመረቀላቸውን ውኃ ወደ ድንበሩ ቦይ መልሰው፣ ከላይ እስከ ታች ጓል እየደፉ አጠጡለት። ዛሬ ሁለተኛውን ሊደግሙለት ነው የመጡት።

«ያንተን ፍግ እየበላሁ ጎረቤቴ ነው እንዴት ልልህ? ልነግርህማ ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ፤ አፌን ስከፍት የለህም።»

አባ ጥድፊያ ተንበረከከና ጣቱን ከአሥረኛው ቦይ አጠገብ ሰደደ። ሦስት ጊዜ ያጠጣው መሬት፣ ከላይ ጭቃ ለብሶ፣ ከጥፍሩ በታች አመድ ነው። ከአንደኛው ቦይ አጠገብ ሰደደ፤ እጁ እስከ አንጓው ገብቶ እርጥብ ሆኖ ወጣ። የሽማግሌው ጥያቄ የቀረችው ግማሽ ያን ጊዜ ደረሰችው። ዶማውን አስቀምጦ ጓል አነሣና ከእማማ ደብሪቱ ጎን ደፋ።

ቀትር ሲሆን አራት ቦይ ብቻ ነበር የጠጣው። ተራው አለቀ። ዕድሜ ልኩን ሲተርፈው የኖረ ጊዜ ያን ዕለት አጠረው። ከውኃው ዳር ሊወጣላቸው ሲል እማማ ደብሪቱ ከድንበሩ ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን አራገፉ። ቀጥል፣ የእኔ ማሳ ያንተን ሲጠጣ ከርሟል፣ ዛሬ ቢጦም አይሞትም አሉት።

በማግሥቱ ሚስቱ ገብሱን ልትቆላ እሳት ስታያይዝ አባ ጥድፊያ ዳዊቱን ከፈተ። ያችን በውኃ ዳር ያለችውን ዛፍ ዛሬስ ቆሜ አያታለሁ ብሎ ነበር የጀመረው። ዛፏ ጋ አልደረሰም። ከእሷ ቀድማ፣ በዋዘኞች ወንበር ያልተቀመጠ ሰው ምስጉን ነው የምትል መስመር አለች። በየማለዳው ለሃያ ዓመት ረግጧት ያለፈ መስመር ነች። ያን ዕለት እግሩን ያዘችው። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰው ሰብስቦ ማንን እንዳሣቀ ትዝ አለው። ገብሱ ታመሰ፣ ተቆላ፣ ቀረበ፣ ቀዘቀዘ። ሚስቱ ታሞ ነው ብላ ግንባሩን ነካችው።

ከዚያ ወዲያ በየማክሰኞው ጓል ደፋ፤ የማይዳረሰውንም ቦይ ባልቴቷ ከተራቸው እየቆረሱ ሞሉለት። ሽንኩርቱ ደረሰ። ምን ያህል ደረሰ ብትዪኝ፣ አንዷን ራስ ሁለት ጎረምሶች በቃሬዛ ነው ያስገቧት፤ የከተፏት ሴቶች ከሠርጉ ዕለት እስከ ጰራቅሊጦስ ሲያለቅሱ ነበር። ከገበያ አንዲት አልገባችም። ግን የዚያን ሠርግ ነገር ሰው የሚያነሣው በሽንኩርቱ አይደለም። አባ ጥድፊያ ከዳሱ በር ላይ ቆሞ እማማ ደብሪቱን እስኪመጡ ጠበቀ። እሳቸው ደግሞ ሲሄዱ እንደ ሥራቸው ናቸው፤ አማቶቹ ቆመው፣ ወጡ ቀዝቅዞ፣ እሱ ንቅንቅ አላለም። ሲደርሱ እጃቸውን ይዞ፣ ለራሱ የተዘጋጀው ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያም ያኔ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ባሣቃቸው ሰዎች ሁሉ ፊት፣ እማማ፣ ይህ ወንበር ይሻላል፣ እኔ ስቀመጥበት የኖርኩት ሌላ ነበር አላቸው።

እንግዲህ ውብዓለም ልጄ፣ ማሳው አንቺ ነሽ። ውኃው ቃሉ ነው። ያ ግድግዳ ላይ የለጠፍሽው ወረቀት ደግሞ ከታች ጫፍ ቆሞ «ደረሰ!» የሚለው አባ ጥድፊያ ነው። ወረቀቱን ቅደጂው አላልኩሽም፤ ቦይ ባይኖር ውኃውም ባልመጣ። እኔ የምልሽ ጓል ድፊበት ነው። አንዲት መስመር እግርሽን ስትይዝሽ፣ የቀረኝ ምዕራፍ ብለሽ አታስለቅቂያት። ቁሚላት፤ እስክትጠጪ።

ስንት ባነብ ነው አነበበች የሚባለው ላልሽኝ፣ ምዕራፉን አትቁጠሪው፤ ጣትሽን ወደ ውስጥ ሰደሽ እዪው። እርጥብ ከሆነ አንብበሻል። ያነበብሽው ከመቀመጫሽ አስነሥቶ ወደ ጎረቤትሽ ማሳ ካወረደሽ ደግሞ፣ ከዚህ በላይ ምን ማንበብ አለ?

አርባ ቀን ወደ ኋላ ቀርቻለሁ ብለሽ አትዘኚ። እማማ ደብሪቱ ማቴዎስን እንኳ ሳይጨርሱ ነው ያረፉት። የቀረውን ራሱ ነግሯቸው ይሆናል።