አንጀት አልሄድም ያለ ዕለት

ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተ ሳቁ፣ የማፍረው እኔ ነኝ።

ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ሆዴን ቀደዱኝና ሆስፒታል ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ ማንኪያ ሾርባ አማረኝ። አስታማሚዬ ምራቴ እናኑ ናት፤ ሾርባውን በፔርሙስ ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች። ነርሷ ሲስተር ሙሉዓለም ግን አየር ካልወጣዎት አልሰጥም፣ እስከ ነገ አንጀትዎ ተንቀሳቅሶ ካልሄደ ደግሞ ሆድዎ ዳግም ይከፈታል አለችኝ። አየር ያለችው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያውም በምራቴ ፊት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አንጀቴን ለመንኩት። እባክህ ሂድልኝ፣ ሲስተር ሾርባ አልሰጥም አለች አልኩት። አንጀትም ከበሮ መቺዎቼ ካልመቱ አልሄድም አለ። ከበሮ መቺዎቹ በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ተሸሽገው ምት የሚሰጡ ደቃቅ ሕዋሳት ናቸው።

እነሱን ለመንኩ። ምቱልኝ፣ አንጀት አልሄድም አለ፣ ሲስተር ሾርባ አልሰጥም አለች። እነሱም መልእክተኛው «ዝም በሉ» እያለን አንመታም አሉ። መልእክተኛው እንደ ሆርሞን ያለ ቅመም ነው፤ ሐኪሞች ፕሮስታግላንዲን ይሉታል። ስሙ ከአንጀቴ ይረዝማል።

መልእክተኛውን ለመንኩት። ተመለስ፣ ከበሮ መቺ አልመታም አለ፣ አንጀት አልሄድም አለ፣ ሲስተር ሾርባ አልሰጥም አለች። እሱም የላከኝ ቁስል ሳይበርድ አልመለስም አለ።

ቁስሉን ለመንኩት። ብረድ፣ መልእክተኛ አልመለስም አለ፣ ከበሮ መቺ አልመታም አለ፣ አንጀት አልሄድም አለ፣ ሲስተር ሾርባ አልሰጥም አለች። ቁስሉም እግር ተራምዶ ደም ካላዘዋወረልኝ አልበርድም አለ።

እግሬንም ለመንኩት፤ የምደገፈው ትከሻ ካላገኘሁ አልነሣም አለ። ትከሻማ ነበር፣ የእናኑ። ግን የሆስፒታሉ ልብስ ከኋላው ክፍት ነው፤ ያ አየር ደግሞ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። እኛ ዘንድ በምራት ፊት እንኳን እሱ፣ ማዛጋትም ነውር ነው። እፍረት አልለቅም አለ፣ እግር አልነሣም አለ፣ ቁስል አልበርድም አለ፣ መልእክተኛ አልመለስም አለ፣ ከበሮ መቺ አልመታም አለ፣ አንጀት አልሄድም አለ፣ ሲስተር ሾርባ አልሰጥም አለች።

እንደ ልማዴ እናኑን ውጪ ጠብቂ አልኳት። አልወጣችም። አንገቷን ደፍታ፣ «አባዬ፣ እርስዎ እንቅልፍ ላይ ሳሉ የሽንትዎን ከረጢት ስደፋ የሰነበትኩት እኔ ነኝ። ገላዎንም ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ከእኔ የሚደብቁት ምን አለ?» አለችኝ።

እኔ ሞኙ ነርሷ መስላኝ በየጠዋቱ ሲስተርን ነበር የምመርቃት። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ።

«ትከሻሽን አምጪ፣ ልጄ» አልኳት።

እፍረት ለቀቀ፣ እግር ተነሣ፣ ቁስል በረደ፣ መልእክተኛ ተመለሰ፣ ከበሮ መቺ መታ፣ አንጀት ሄደ። ኮሪደሩ መሃል ስደርስ አየሩም ወጣ፤ በየክፍሉ የተኛው ሁሉ ሰማ። አንዱ ሽማግሌ ከአልጋው ሆኖ እሰይ አለ። ሲስተርም ሾርባውን ስጫቸው አለች።

እናኑ በማንኪያ እያነሣች አጠጣችኝ፤ እኔ ቀና ብዬ አላየኋትም። በድምፁ አይደለም ያፈርኩት። የእሷን ምርቃት ለሌላ ሰጥቼ እሷን በር ላይ በማቆሜ ነው።

ተረቴን መልሱ፤ ምርቃቴን ግን ለእናኑ አድርሱ።