አህያ ጅብን ጭኖ የነዳ ዕለት

አንድ ጊዜ ሰንበሌጥ አምባ የሚኖሩ እንስሳት በጋራ አንድ መኪና ለመግዛት ተስማሙ። አምባው ላዩ ሜዳ ነው፤ ሜዳውን አዲስ አስፋልት ያቋርጠዋል። ጤና ጣቢያው ግን ታች ቆላ፣ ወንዙ ዳር ነው። ወደዚያ የሚወርደው መንገድ ገደሉን ታክኮ የሚጠማዘዝ የአፈር መንገድ ስለሆነ በክረምት የታመመ ሁሉ በቃሬዛ ይወርዳል። ባለፈው ክረምት ሚዳቋን እባብ ነድፏት መንገድ ላይ ቀረች። የአገሩ አለቃ ጋሽ አንበሳ ከቀብሯ ሲመለሱ፣ «ከእንግዲህ ቃሬዛ ላይ የሚሞት ማየት አልፈልግም» አሉ።

መኪና የማፈላለጉን ሥራ እመት ቀበሮ ወሰደች። ከተማ ስትደልል የኖረች ናት፤ የማትሸጠው ነገር የለም። ከሳምንት በኋላ ሁለት መኪኖች ለሙከራ አስመጥታ አደባባዩ ላይ አቆመች። አንዱ ቀይ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ጎማው ሰፊ፣ ከኋላው ክንፍ የተተከለለት። ሌላው ግራጫ ነው፤ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ወንበሩ ሰፊ፣ ለዓይን ግን የማይሞላ።

«ሁለቱም ባለ ቱርቦ ናቸው፤ ሁለቱም በአራቱም ጎማ ይጎትታሉ» አለች ቀበሮ። «ልዩነቱ ቀዩ የጀግና መኪና ነው፤ ግራጫው የጡረተኛ።»

የቀዩ ባለቤት መኪናውን መልሳ እንዳታመጣበት አጥብቆ ለምኗት ነበር። ይህን ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

ቀዩን አያ ጅቦ ሊሞክረው ተነሳ። ቀድሞ ከተማ ውስጥ የሥጋ መኪና ይነዳ ነበር፤ የጫነው ሥጋ ሙሉውን ደርሶ ባያውቅም መንዳቱን ይችላል። ግራጫውን ለአህያ ሰጡት። አህያ ለወፍጮ ቤት የእህል መኪና ሲነዳ የኖረ ዝምተኛ ሾፌር ነው። ከጅብ ጎን መቆም ስለማይወድ መኪናውን ዞሮ በሌላ በኩል ገባ።

አስፋልቱ ላይ ተለቀቁ። አያ ጅቦ ነዳጁን ሲረግጥ ቀዩ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ ቱርቦው አፏጨና ሳይታሰብ ተተኮሰ። ግራጫው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ቀዩ ደርሶ እየተመለሰ ነበር። ተመልካቹ ሁሉ በአህያ ሳቀ። አያ ጅቦ ከመኪናው ሲወርድ ዓይኑ ይንበለበላል።

«ይሄ ነው መኪና» አለ። «ሌላው ጋሪ ነው።»

ጋሽ አንበሳ ወደ አህያ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«ቀዩ ይፈጥናል ጌታዬ፤ አይካድም» አለ አህያ። «ግን ነዳጅ ሲሰጡት ትንሽ ይተኛና ከዚያ በድንገት ይዘላል። ጎማውም ጥርስ የለውም፤ ሆዱም መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ግራጫው ገና እግር ሲያርፍበት ይስባል። ደግሞ የሞከርነው አስፋልት ላይ ነው። እኛ በሽተኛ የምናወርደው በአስፋልት አይደለም።»

ቀበሮ ፈገግ አለች። «በአራት ጎማ የሚጎትት መኪናን ጭቃ ምን ያደርገዋል? አህያ ፍጥነት የሚፈራው በተፈጥሮው ነው።»

ጋሽ አንበሳ ሁለቱንም መኪኖች ሲያዩ ቆዩና፣ «ነገ እወስናለሁ» ብለው ገቡ።

በማግስቱ ከረፋዱ ጀምሮ ዝናብ ወረደ። ጉሙ ገደሉን ሞልቶ መንገዱ አምስት እርምጃ እንኳ አይታይም። በዚህ መሃል የአያ ጅቦ ሚስት እመት ጅቢት ምጥ ያዛት። የመጀመሪያዋ ነው። የአምባው አሮጊቶች ገብተው አዩዋትና ፊታቸው ጠቁሮ ወጡ። ግልገሉ ተጣሟል፤ እዚህ የሚደረግ ነገር የለም፤ ጤና ጣቢያ ካሉት አዋላጅ እጅ ካልደረሰች እናትም ልጅም አይተርፉም አሉ።

አያ ጅቦ ሚስቱን ታቅፎ ወደ ቀዩ መኪና ሮጠ።

«በግራጫው ትሁን» አለ አህያ ከሩቅ ቆሞ። «መንገዱን አውቀዋለሁ፤ እኔ ላውርዳት።»

«ሚስቴን በጋሪ አልልክም» አለ ጅብ። «እኔ ፈጥኜ አደርሳታለሁ።»

ቀበሮ ጠጋ አለች። ቀዩ መኪና ዛሬ ይህችን ነፍስ ካዳነ ሽያጩ እንደሚያልቅላት ገብቷታል። «ልክ ነህ አያ ጅቦ» አለች፤ «እኔም ከኋላ ሆኜ እደግፋታለሁ።» ከእመት ጅቢት ጎን ገብታ በሩን ዘጋች። ቀዩ መኪና ጭቃውን በትኖ ጉሙ ውስጥ ጠፋ።

አህያ ቆሞ ቀረ። ከጅብ ጋር ገደል መንገድ ላይ መገናኘት ለአህያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ አባቱም አጎቱም የቀሩት እንደዚያ ነው። ይሁንና የሴቲቱ ጩኸት ጆሮው ውስጥ ቀርቷል። ከወፍጮ ቤቱ ወፍራም ገመድ አንስቶ ግራጫው ላይ ጫነና ተከተላቸው።

ቀዩ መኪና ሜዳውን ጨርሶ ቁልቁለቱን ሲጀምር ገና ደህና ነበር። አያ ጅቦ ግን ከኋላው የሚስቱን ሲቃ በሰማ ቁጥር ነዳጅ ይረግጣል፤ መኪናው ይተኛል፤ ከዚያ ሳይጠበቅ ይዘላል። ሁለት ኩርባ እንዲህ አለፈ። ሦስተኛው ላይ ገደሉ ከጉሙ ውስጥ ድንገት ብቅ አለበት። ፍሬን ያዘ። ጎማዎቹ ቆሙ፤ መኪናው ግን አልቆመም። በአራት ጎማ መጎተት ለመሄድ እንጂ ለመቆም እንደማይረዳ አያ ጅቦ ያወቀው ያኔ ነው። ቀዩ መኪና ጭቃው ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራቶ ሁለቱ የፊት ጎማዎቹ አየር ላይ ወጡ፤ ሆዱ የገደሉ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩ ጠፋ። የሚሰማው የዝናቡ ድምፅ ብቻ ሆነ።

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ» አለ ጅብ።

ቀበሮ ግን አልሰማችውም። በሩን ቀስ አድርጋ ከፍታ ዘለለች። የኋላው ክብደት ሲቀንስ መኪናው አፍንጫውን አንድ ስንዝር ወደታች ደፋ፤ ድንጋዩ ተፋጨ። ቀበሮ ወደኋላዋ ሳትመለከት ዳገቱን ወጣች።

አህያ ሲደርስ ያየው ይህንን ነው። ወርዶ በጭቃው ላይ እየተጠነቀቀ ቀረበ። ጅብ በመስኮቱ በኩል አየው።

«መጀመሪያ እሷን አውጣልኝ» አለ አያ ጅቦ።

«አይሆንም። መኪናውን የያዘው የእሷ ክብደት ነው። እሷ ከወጣች አንተም መኪናውም ትወርዳላችሁ።»

«ልውረድ። እሷን አውጣት።»

አህያ ከጅብ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ጆሮውን አራገበና፣ «ሁላችሁንም አወጣለሁ። ፍሬኑን እንደያዝክ ቆይ» አለው።

የገመዱን አንዱን ጫፍ ከቀዩ ኋላ፣ ሌላውን ከግራጫው ፊት አሰረ። አስሮም ወደ ጅብ ተመለሰ። «አሁን በደንብ ስማኝ። እኔ ወደኋላ መሳብ ስጀምር ገመዱ ይወጠራል። ያኔ ጡሩንባ እነፋለሁ። ጡሩንባውን ስትሰማ ማርሹን ነጻ አድርገህ ፍሬኑን ትለቃለህ።»

«ፍሬኑን?» አለ ጅብ። ከፊቱ ያለው ባዶ ጉም ነው። «ከለቀቅኩ እኮ እንወድቃለን።»

«ካልለቀቅክ ገመዱ ይበጠሳል።»

«አንተን እንዴት ልመንህ? አባትህን የበላው የእኔ ወገን ነው።»

«አውቃለሁ» አለ አህያ። «ላተርፋችሁ ባልፈልግ ኖሮ ገመድ ይዤ አልመጣም ነበር።» ተመልሶ ሄደ።

ከኋላ እመት ጅቢት ጥርሷን ነክሳ፣ «እመነው» አለች።

አህያ ግራጫው ውስጥ ገብቶ የኋላ ማርሽ አስገባ። ነዳጁን በጥቂቱ ነካ። መተኛትም መዝለልም አልነበረም፤ ቱርቦው ገና እግሩ ሲያርፍ አገዘና አራቱም ጎማዎች ጭቃውን በጥርሳቸው ነክሰው ዳገቱን ወደኋላ መውጣት ጀመሩ። ገመዱ ተነሳ፤ ተወጠረ፤ ውሃው ከላዩ ተረጨ። አህያ ጡሩንባውን ነፋ።

አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ እግሩን አነሳ።

ቀዩ መኪና በመጀመሪያ ወደታች ነቅነቅ አለ። እመት ጅቢት ጮኸች። ከዚያ ሆዱ ድንጋዩን እየፋቀ ወደኋላ ተሳበ፤ አንድ ክንድ፣ ሌላ ክንድ፤ አንደኛው የፊት ጎማ መሬት ነካ፤ ቀጥሎም ሁለተኛው። አህያ ቀዩ መኪና መንገዱ መሃል እስኪደርስ አላቆመም።

እመት ጅቢትን ተሸክመው ግራጫው ውስጥ አስተኟት። አያ ጅቦ ከራስጌዋ ተቀመጠ፤ ራሷን ጭኑ ላይ አደረገ። የተቀመጠበት ቦታ ከአህያ አንገት በስተኋላ ነው። አህያ መስታወቱ ውስጥ የጅቡን ጥርስ እያየ ቁልቁለቱን ያዘ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳያበዛ፣ ኩርባው ሳይደርስ ፍጥነቱን እየቀነሰ ወረደ።

«ፍጠን» አለ ጅብ።

አህያ ያንኑ ማርሽ እንደያዘ ቀጠለ።

ሴቲቱ ደግማ ጮኸች። አያ ጅቦ ወደፊት ተንጠራራ፤ ትንፋሹ የአህያን ማጅራት አሞቀው። «ፍጠን ብዬሃለሁ። ካልፈጠንክ ይህን አንገትህን እቀነጥሰዋለሁ።»

አህያ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘና ድምፁን ሳያነሳ ተናገረ። «አያ ጅቦ፣ ብትበላኝ ማን ይነዳል?»

«እኔ እነዳለሁ።»

«ዛሬ ስትነዳ አይተንሃል።»

ጅብ ቀስ ብሎ ወደኋላ ተመለሰና የሚስቱን እጅ ያዘ። ጤና ጣቢያው በር እስኪደርሱም አልለቀቀውም።

አዋላጇ እመት ዝንጀሮ እጃቸውን ታጥበው ገቡና በሩን ዘጉ። አህያና ጅብ በረንዳው ላይ በሁለት ጫፍ ተቀመጡ። ዝናቡ ሲያባራ፣ ፀሐይ ወደ ማዘንበሉ ስትደርስ በሩ ተከፈተ።

«ሁለት ናቸው» አሉ እመት ዝንጀሮ። «እናትየዋም ደህና ናት። ትንሽ ብትዘገዩ ግን አንዳቸውንም አላተርፍም ነበር።»

አያ ጅቦ ከአህያ ፊት ሄዶ ቆመ፤ ራሱን ዝቅ አደረገለትና ወደ ሚስቱ ገባ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ አንበሳ አደባባይ ተቀመጡ። ቀይም ግራጫም ፊታቸው ቆመዋል፤ የቀዩ ሆድ ተላልጧል። መጀመሪያ የተናገረችው ቀበሮ ናት።

«ጌታዬ፣ መኪናው ጥፋት የለበትም» አለች። «ጥፋቱ የመንገዱ ነው። መንገዱ ደህና ቢሆን ኖሮ ቀዩ በግማሽ ሰዓት ያደርሳት ነበር።»

«አያ ጅቦ፣ አንተስ?» አሉ አንበሳ።

ጅብ ተነሳ። ሁሉም ቀዩን እንዲያወድስ ነበር የጠበቀው። «እመት ቀበሮ አልዋሸችም» አለ። «ቀዩን የሚቀድመው የለም። አስፋልት ላይ እንደ እሱ ያለ መኪና ነድቼ አላውቅም፤ ዛሬም ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል። ለሚስቴ ግን ግራጫውን ነው የምለምነው።»

«እንዳልኩት መንገዱ ነው ችግሩ» አለች ቀበሮ።

ጋሽ አንበሳ ቀስ ብለው ተነሱ። «መንገዱ እዚሁ ነው ያለው፣ ቀበሮ። የምንወርደውም በእሱ ነው። ሌላ መንገድ ያላቸው ቀዩን ይግዙት።» ቀዩን መኪና ለባለቤቱ ራሷ ነድታ እንድትመልስ አዘዟት። ከዚያ ቀን ጀምሮም ለሰንበሌጥ አምባ መኪና የሚያፈላልገው ሌላ ሆነ።

በዚያው ቀን አህያ በግራጫው መኪና ቆላ ወርዶ እመት ጅቢትንና ግልገሎቿን ይዞ ተመለሰ። አያ ጅቦ እንደ በፊቱ ከአህያ አንገት በስተኋላ ተቀምጧል። ዳገቱን ሲያጋምሱ ማካፋት ጀመረ።

«ዝናቡ እየመታህ ነው» አለ ጅብ። «መስኮቱን ልዝጋልህ?»

«ዝጋልኝ» አለ አህያ።

ከዚህ የምንማረው፣ መኪናም ሆነ የሥራ ባልደረባ መመረጥ ያለበት በደህናው ቀን በሚያሳየው ፍጥነት ሳይሆን በክፉው መንገድ ላይ የያዘውን ሳይጥል በማድረሱ መሆኑን ነው።