የጭቃዋ ላምና የወረቀቷ ላም

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድሮ፣ ጭቃ አንደበት በነበረው፣ ብሩሽም በሚሟገትበት ዘመን፣ ወልደ ሐና የሚባል ሠዓሊ ነበረ። ይህ ሰው በብዙ ወረቀት ላይ አንዲት ላም ይሥል ነበር፤ በእያንዳንዱ ወረቀት እግሯን ጥቂት ጥቂት እያራመደ። ወረቀቶቹ ተደራርበው በአውራ ጣት ቶሎ ቶሎ ሲገለጡ ላሟ ትሄዳለች። ጠዋት ጥጃዋን ትታ ለግጦሽ ትወጣለች፣ ማታ ልታጠባው ትመለሳለች። ሥዕሉ ይኸው ነበር።

መልኳ እንዳይጠፋው ሠዓሊው አስቀድሞ ላሟን በጭቃ ሠርቷት ነበር። ግራ ቀንዷ ስባሪ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ቦቃ።

የወረቀቷ ላም መሄድ ስትጀምር ኮራች። አንድ እግር እንኳ ማንሳት የማትችል እያለች የጭቃዋን ላም ትሰድባት ጀመር።

የጭቃዋ ላም ግን፣ "ሂጂ ልጄ፣ መሄዱ ያንቺ ነው። ብቻ በዞርሽ ቁጥር እኔን እያየሽ ዙሪ" አለቻት።

ብሩሽም ከወረቀቷ ጋር አበረ። መልኳን በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ይቺ ቦታ ከማጣበብ በቀር ምን ትሠራለች እያለ ጌታውን ወተወተው። ሠዓሊውም ሰማውና የጭቃዋን ላም አንስቶ ጥግ አስቀመጣት።

የቀረውንም ሳያያት መሣል ቀጠለ። የወረቀቷ ላም ወደ ሜዳ ዞረች፤ ስባሪው ቀንድ ከግራ ወደ ቀኝ አለፈ። ወደ ወንዝ ዞረች፤ ቦቃዋ ጠፋ። ወደ ቤት ዞረች፤ አንገቷ አጠረ። ልብ ያለ የለም።

በመጨረሻው ወረቀት ጥጃው ቆሞ ይጠብቃል። ቀረበችው። ቀና ብሎ አያትና ወደ ኋላው ሸሸ።

"እናቴ አይደለሽም" አለ።

"እኔ ነኝ እንጂ ልጄ፣ ጠዋት የተለየሁህ።"

"የእናቴ ስባሪ ቀንድ በግራ ነው። እናቴ ቦቃ ናት። ሂጂልኝ፣ እናቴ ትመጣለች።"

ላሟ ብሩሽን አየችው። ብሩሽ ቀለሙ ውስጥ ተደበቀ። የእሷ ግት ሞልቶ፣ ልጇም ተርቦ፣ ተያይተው ቆሙ።

ሠዓሊው ይህን ባየ ጊዜ የጭቃዋን ላም ከጥግ አመጣት። ደርቃለች። በየጎኗ እያዞረ፣ እያየ፣ የተበላሸውን ሁሉ እንደገና ሣለ። ጥጃውን ስትልስ አይቶ ለመሣል ግን የጭቃዋን ላም አንገት ዝቅ ማድረግ ነበረበት። የደረቀው ጭቃ ይሰበራል ብሎ ፈራ።

"አትፍራ፣ ጎንበስ አድርገኝ" አለችው። "አንገቴ ቢሰበርም ይሰበር። ልጁ ጦሙን አይደር።"

ውኃ ቀብቶ ቀስ አድርጎ ጎንበስ አደረጋት። አንገቷ ተሰበረ። እሱም ጭንቅላቷን በግራ እጁ ደግፎ ይዞ፣ በቀኝ እጁ ሣለ።

ጥጃውም እናቱን አወቀ። ሮጦ ጠባ።

ልጆቼ፣ ምሳሌውን የጣለ መልኩን ያጣል። እኛንም በአምሳሉ የፈጠረን አምላክ ዓይናችንን ከእሱ አያርቅብን፤ ልጆቻችን አይተው የሚሸሹት መልክ እንዳናወጣ።